ለብረት ጓንቱ ንጉሥ ያዘንኩ ጊዜ

ይውጣልኝና ልናገር፤ እኔ ያዘንኩት ለንጉሡ ነው። ለልጁ አይደለም። በዚያ ዓመት በከተማችን ታችኛው ሰፈር፣ ሲቀላ፣ ቪዲዮ ቤት የገባ ሰው ሁሉ ለልጁ እንባውን ሲያፈስ፣ እኔ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ሆኜ፣ ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጠቅጥቄ ለጨካኙ አባት አለቅስ ነበር። ቢያውቁብኝ ኖሮ ከአግዳሚው ላይ ገፍትረው ይጥሉኝ ነበር።

ቪዲዮ ቤቱ ከመናኸሪያው በስተጀርባ ያለ የቆርቆሮ ክፍል ነው። መስኮቶቹ በጆንያ ተሸፍነዋል፤ ከፊት አንድ ቴሌቪዥንና አንድ ዴክ፣ ከዚያ ወዲህ የጣውላ አግዳሚዎች። ሙቀቱን አታንሱብኝ። ፊልሙ ከውጭ አገር ቴሌቪዥን በካሴት የተቀዳ ተከታታይ ነበር፤ በየሳምንቱ አንድ ካሴት በሹፌር እጅ ከአዲስ አበባ ይመጣል። ታሪኩ ጥላ የሚመስሉ አውሬዎች ስለከበቧት ከተማ ነው። የከተማዋ ንጉሥ ቀኝ እጁ ላይ የብረት ጓንት ያደርጋል። በዚያ ጓንት የነካውን በር ምንም ምድራዊ ኃይል አይከፍተውም። አንድ ቀን የገዛ ልጁ ሕግ ጥሶ ከቅጥሩ ወጣ፤ ንጉሡም በሩን ዘጋበት። በቃ፣ ይኸው ነው። ከዚያ በኋላ ያሉት ካሴቶች ሁሉ ልጁ ውጭ ሲንከራተት፣ አባትየው ውስጥ ጥርሱን ነክሶ ሲገዛ ነው።

እንግሊዝኛ የሚገባው ሰው ስለሌለ ቪዲዮ ቤቱ አስተርጓሚ ነበረው። ድሮ የሚኒባስ ረዳት የነበረ፣ ድምፁ ከመናኸሪያ እስከ ገበያ የሚሰማ ጎልማሳ ነው። ከቴሌቪዥኑ ጎን በርጩማ ላይ ይቀመጥና ተዋንያኑ አፋቸውን በከፈቱ ቁጥር በአማርኛ ይጮኻል። እንግሊዝኛ ይችል ነበር ወይ? ኧረ ከየት አምጥቶ! በእሱ አፍ አውሬዎቹ ከነጭ ሳር ፓርክ ይመጣሉ፣ ልጁም ጫሞ ሐይቅ ዳር ከአዞ ጋር ይተናነቃል። ንጉሡ ደግሞ ውሃ ስጡኝ ቢል እንኳ፣ በአስተርጓሚያችን በኩል ሲወጣ «ቅልጥምህን ሰብሬ ለጅብ ነው የምሰጥህ!» ነበር። ቤቱ በፉጨት ይናጋል።

አንድ ካሴት ላይ ግን ምንም ንግግር የሌለበት ቦታ ነበር። ንጉሡ ብቻውን ክፍሉ ገብቶ ጓንቱን ያወልቃል። እጁ ከሥር ተቃጥሏል፤ ቆዳው ተላጧል። በዚያ እጅ የሸሚዙን ቁልፍ ሊፈታ ይሞክራል፤ እምቢ ይለዋል፤ እንደገና ይሞክራል። የሚተረጉመው ያጣው አስተርጓሚ «አሁን ንጉሡ ተንኮል እያሰበ ነው» አለ። እኔ ግን አንጀቴን በላው። እንዲህ ያለ ሰው ቤቴ ውስጥ ነበረኝ።

አባቴ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነበር። ኦቾሎ ተራራ ላይ ከሸማኔ ቤት ተወልዶ፣ በገዛ ጥረቱ ተምሮ፣ ከዳገቱ በላይ ሸቻ ላይ ቤት ሠርቶ፣ ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ ሽማግሌ የሆነ ሰው ነው። ከተማው ሁሉ «ቲቸር» ይለዋል። ቤታችን ውስጥ ሳቅ እንኳ በፈቃድ ነበር። ረቡዕ ረቡዕ ምሳ ላይ ከእንግሊዝኛ በቀር አይነገርም፤ የተሳሳተ ሰው አስተካክሎ እስኪናገር ጉርሻ አይቀምስም። እኔ ስንት ረቡዕ ጦሜን ውያለሁ። ታላቅ ወንድሜ ግን አንድም ቀን አልተራበም። እሱ እንግሊዝኛን ከአባባ አፍ ነጥቆ ነው የሚበላው። አባባ ፊቱን ሳይፈታ በእንግሊዝኛ «ጉድ» ይለዋል፤ ያች አንዲት ቃል ለወንድሜ የዓመት ስንቅ ነበረች።

ያ ወንድሜ ነው እንግዲህ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሆኖ፣ አባባ ራሱ በሚፈትንበት ክፍል፣ ለጓደኛው መልስ ሲያቀብል የተያዘው። ሌላ አስተማሪ ቢሆን ጆሮውን ቆንጥጦ ያልፈው ነበር። አባባ በማግሥቱ በሰልፍ ሰዓት ባንዲራው ሥር አቆመው፤ ወረቀቱን በትምህርት ቤቱ ሁሉ ፊት ቀደደው፤ ዓመቱንም አስደገመው። «የራሱ ልጅ ስለሆነ አለፈው» እንዳይባል ነው። ወንድሜ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ ጥሎ «አንተ አስተማሪ ነህ እንጂ አባት አይደለህም» አለው። አባባ ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም። «እንግዲያው ከዛሬ በኋላ ደጄን እንዳትረግጥ» አለ። ወንድሜ ያን ቀን በሸራ ጫማ ወጣ፤ የእሁድ ጫማውን እንኳ አላነሳም።

ዓመት አለፈ። ወንድሜ ምዕራብ ዓባያ ሙዝ ይጭናል እየተባለ እንሰማለን። ስሙ ቤታችን ውስጥ አይጠራም። ግን እሁድ እሁድ ጠዋት አባባ ለአምልኮ ሲዘጋጅ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ጫማውን ይቀባል፤ የራሱን ከጨረሰ በኋላ ከአልጋው ሥር የወንድሜን ያወጣና እሱንም ይቀባል። ብሩሹን እያመላለሰ፣ ጨርቁን እየጎተተ፣ ፊት እስኪያሳይ። ከዚያ መልሶ አልጋው ሥር ያስገባዋል። እኔ በመጋረጃ ቀዳዳ አይቼዋለሁ። ያየሁትን ለማንም አልተነፈስኩም፤ ለእናቴም ጭምር።

ታዲያ አንድ ሐሙስ ሙዝ የምታመጣልን ነጋዴ ሴትዮ እናቴን ጠጋ ብላ ሹክ አለቻት። ልጅሽ ቅዳሜ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በአይሱዙ ወደ ሞያሌ ሊሄድ ነው፤ ከዚያ ኬንያ ይሻገራል። ለእህቱ ደግሞ ይህን ንገሪያት ብሎኛል አለች፦ ስምንት ሰዓት ላይ ቪዲዮ ቤት ትጠብቀኝ፤ አባባ እግሩ የማይደርስበት ቦታ እሱ ብቻ ነው። እናቴ የሙዙን ዘለላ እንደያዘች መሬት ላይ ቁጭ አለች። ሁለታችንም የገባን አንድ ነገር ነው። ወንድሜ እልኸኛ ነው፤ ያባቱ ልጅ ነው። ሳይታረቅ ያንን ድንበር ከተሻገረ ዓይኑን አናየውም።

ዓርብ ምሳ ላይ እናቴ ተናገረች። አባባ በቀይ እስክሪብቶ የፈተና ወረቀት ያርማል።

«ነገ በአሥራ አንድ ሰዓት ይሄዳል። አገር ለቆ ነው የሚሄደው። አንድ ቃል ብቻ፤ ‹ይምጣ› በሉ።»

እስክሪብቶው ወረቀቱ ላይ ቆመ። ቀይ ነጠብጣብ ሠራ። ከዚያ ገጹን ገለበጠና ማረሙን ቀጠለ። እኔ በእልህ ከንፈሬን ነክሼ ደማ። አምላኬ ይቅር ይበለኝ፣ ያን ሰዓት ያንን እስክሪብቶ ቀምቼ እጁ ላይ ብሰብረው ደስታዬ ነበር።

ቅዳሜ ወደ ሰባት ሰዓት ገደማ እናቴ ከአትክልቱ ቦታ እርጥብ ሣር ነቅላ ገባች። እናቴ የጋሞ ልጅ ናት። በጋሞ እርቅ የሚለምን ሰው እርጥብ ሣር ይዞ ይንበረከካል፤ ሣሩ ፊቱ የተደረገበት ሰው ያንን አልፎ አይሄድም፤ አይረግጠውም። እናቴ ሣሩን የቤታችን ደፍ ላይ ጎዘጎዘችና ከጎኑ በጉልበቷ ተንበረከከች። አባባ ክራቫቱን አስሮ ከመኝታ ቤት ወጣ፤ ሣሩን ሲያይ ባለበት ቀጥ አለ። እሱ እኮ መድረክ ላይ ቆሞ «ይህ ያለፈ ሥርዓት ነው፤ ለእኛ ቃሉ ይበቃናል» ሲል ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ! ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ አለ። አንድ እግሩን አነሳ። እግሩን መልሶ አስቀመጠው። ከዚያ ዞር ብሎ በማድ ቤት በኩል ወደ ጓሮ ወጣና፣ አጥሩ በዚያ በኩል በር ስለሌለው፣ ያ የተከበረ ሽማግሌ ከነክራቫቱ በአጥሩ ላይ ተንጠላጥሎ ወደ ጎረቤት ዘለለ።

እኔ ሳቄም ልቅሶዬም አንድ ላይ መጣብኝ። «አልረገጠውም እኮ! አየሽ? አልረገጠውም!» አልኳት።

«አልተቀበለውምም» አለች እናቴ። ከተንበረከከችበት አልተነሳችም። «ሂጂ፤ ስንቁን አድርሺለት» አለችኝ።

ኩርኩፋ ሠርታለት ነበር፤ ከልጅነቱ ጀምሮ የሚወደውን የበቆሎ ቂጣ ድብልብል ሽፈራው በሚሉት በሀለኮ ቅጠል። በሙዝ ቅጠል ጠቅልላ አስቀምጣዋለች። እኔ ደግሞ ማንንም ሳልጠይቅ አልጋው ሥር ገብቼ የእሁድ ጫማውን አወጣሁ። ከሸቻ ቁልቁለቱን እስከ ሲቀላ በሩጫ ወረድኩት።

ወንድሜ ሦስተኛው አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ነበር። ጠቁሯል፤ ትከሻው ሰፍቷል። እጁን ስይዘው እንደ ቅርፊት ሻከረኝ። ፊልሙ ተጀምሯል፤ አስተርጓሚው ይጮኻል፤ እኛ በሹክሹክታ እናወራለን። ጫማውን ጭኑ ላይ ሳስቀምጥለት ከቴሌቪዥኑ የሚወጣው ብርሃን ቆዳው ላይ አበራ።

«ማነው እንዲህ የቀባው?»

«አባባ። እሁድ እሁድ።»

«ውሸታም!»

«እናቴን!»

ጫማውን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። ከዚያ ራሱን ነቀነቀ። «ጫማ መቀባት ይችላል፤ አፍ አውጥቶ ግን አይጠራኝም። ካልጠራኝ አልመለስም። በቃ፤ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እሄዳለሁ።» እኔ እለምናለሁ፣ እሱ ራሱን ይነቀንቃል። ንጉሡና ልጁ የመጨረሻ ጊዜ የሚገናኙበት ካሴት ነበር። ልጁ ከበሩ ሥር ቆሟል፤ ንጉሡ ከቅጥሩ ጫፍ ላይ። ክፍሉ ትንፋሹን ይዟል።

በሩ ተበርግዶ የቀን ብርሃን ገባ። ዞር ስል አባባ ነው። ጉድ ፈላ! ተማሪዎቹ ናቸው የነገሩብኝ፤ ልጅዎ ቪዲዮ ቤት ናት ብለው። ወንድሜ አንገቱን ትከሻው ውስጥ ቀበረ። አባባ ከፀሐይ ወደ ጨለማ ስለገባ ምንም አይታየው፤ በሩን ይዞ ወደ ፊት ብቻ አፍጥጧል።

«የት ነሽ? ተነሺ!» ብሎ ጮኸ።

አስተርጓሚው ሥራውን የሚያቋርጥ ሰው አይደለም። «‹አንተ ውሻ!›» ብሎ በላዩ ላይ ጮኸ። «‹ሬሳህን እንኳ ከዚህ በር አላስገባም!› ይላል ንጉሡ።»

አባባ ወደ ቴሌቪዥኑ ዞረ። አየሁት፤ ያ የክፍል ውስጥ ፊቱ መጣ።

«እንዲያ አላለም» አለ።

ዕድሜውን ሙሉ ስህተት ሰምቶ አልፎ የማያውቅ ሰው፣ እዚህም ማለፍ አቃተው። አስተርጓሚው በርጩማው ላይ ተመቻችቶ «ታዲያ ምን አለ ቲቸር? እንግዲህ ይንገሩና!» አለ። ከተመልካቹ ግማሹ ተማሪው ነው። «ይተርጉሙልን ቲቸር! ይተርጉሙልን!» ብለው ቀወጡት። አባባ መቆጣት ይችል ነበር፤ ጎትቶኝ መውጣትም ይችል ነበር። ግን በሩን ከኋላው ዘጋና ጉሮሮውን ጠረገ።

«‹ለምን መጣህ› ነው ያለው። ‹በዚህ ሰዓት ከቅጥሩ ሥር መቆም ክልክል ነው› አለ። አሁን ልጁ ‹በሩን ክፈትልኝ› አለ።» የቃል ጽሕፈት እንደሚያስነብብ ዓይነት ነው የሚናገረው፤ ደረቅ፣ የተቆረጠ። አንድ ልጅ አዛጋ። «ኧረ ወደ ስድቡ ይመለሱልን!» ያለም ነበር።

ከዚያ ዓይኑ ጨለማውን ለመደ። እኔን ፈልጎ አግዳሚዎቹን ቃኘ፤ ሦስተኛው ላይ ደርሶ ቆመ። ወንድሜን አየው። ጭኑ ላይ ያለውን ጫማም አየው። እኔ እጄን የወንድሜ ክንድ ላይ አድርጌ ስለነበር ክንዱ እንደ እንጨት ሲደርቅ ተሰማኝ። ቀና ብሎ እሱም አባባን ያየው ነበር። ንጉሡ ከቅጥሩ ላይ መናገር ጀምሯል፤ አባባ ዝም አለ።

«ቲቸር! ጠፋብዎት እንዴ?» አለ አስተርጓሚው።

«አልጠፋብኝም» አለ አባባ። ድምፁ ሌላ ሆኖ ወጣ። «‹ልጄ› ነው የሚለው። ‹በሩን የዘጋሁት ጠልቼህ አይደለም። ሰው ሁሉ ያየኝ ነበር። ሕጉን ያወጣሁት ራሴ ነኝ፤ በሌላው ልጅ ላይ አጥብቄ ላንተ ባላላ በማን ፊት እቆማለሁ?›»

ማንም አላዛጋም።

«‹ትክክል ነበርኩ› ይላል። ‹ዛሬም ትክክል ነኝ። ግን ትክክል መሆኔ ውጭ ነው የሚጠቅመኝ፤ ቤት ስገባ ማዕዱ ላይ አንድ ቦታ ባዶ ነው። እናትህ ወደዚያ ቦታ እያየች ነው የምትበላው። እኔ ወደዚያ አላይም። ካየሁ አልበላም።›» ክራቫቱን ላላ አደረገ። «‹መዝጋት ነው የምችለው። የተዘጋ እንዴት እንደሚከፈት ማንም አላሳየኝም። አንተ ግፋው፣ ልጄ። ከውስጥ አልቆለፍኩትም።›»

ንጉሡ አፉን ከዘጋ ቆይቷል፤ ቴሌቪዥኑ ላይ ፈረሶች ይሮጣሉ። እንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ሲመጣ ይረዝማል ማለት ነው ብዬ አሰብኩ፤ አቤት የኔ ነገር! እንባዬ በአገጬ ይንጠባጠባል። ይኸው፣ እኔ ገና ዱሮ ያወቅኩትን ንጉሥ አሁን ሁሉም አወቀው እያልኩ ኮርቻለሁም። አስተርጓሚው በክንዱ ዓይኑን ጠረገ። «እንዲህ ከሆነማ ሰውየውን ስሰድበው ነው የከረምኩት» አለ።

ወንድሜ ጎንበስ ብሎ የሸራ ጫማውን አወለቀና የእሁዱን አጠለቀ። ጠቦታል መሰለኝ፣ እየታገለ ነው ያስገባው። ተነስቶ በሰው ጉልበት መካከል እየተላለፈ ወደ በሩ ሄደ፤ አባባ ፊት ቆመ። ሁለቱም አልተቃቀፉም። አባባ ወደ ታች አየ።

«ማሰሪያውን አጥብቀው፤ ዳገት ነው» አለው። ከዚያ ደግሞ በጣም ቀስ ብሎ «እናትህ ደፉ ላይ ሣር ጎዝጉዛለች። እኔ በአጥር ዘልዬ ነው የወጣሁት። ብቻዬን በዚያ በር አልገባም» አለ።

ዳገቱን ሦስታችን ወጣን። የኔ ንፍጥ መሳብ ብቻ ይሰማል። እናቴ ያው እንደተንበረከከች ነበረች። አባባ ጎንበስ ብሎ ሣሩን በሁለት እጁ አነሳው፤ አቀፈው ማለት ይቀላል። ወንድሜ ደፉን ተሻገረ። አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ኩርኩፋውን ከሙዝ ቅጠሉ ፈትተን እየበላን ነበር። አይሱዙው ያለ እሱ ሄደ።

አባባ ከዚያ በኋላም ያው አባባ ነው። ረቡዕም ያው ረቡዕ ነበር። ስለዚያ ቀን አንድም ቃል ሳይተነፍስ ኖሮ ሞተ። ለቅሶው ካለፈ ከጥቂት ዓመት በኋላ፣ እኔም እንግሊዝኛዬ ከኑሮ ብዛት ተቃንቶ፣ ያንን ተከታታይ የአንድ ጓደኛዬ ኮምፒዩተር ላይ አገኘሁት። ንጉሤን ልሰማ ብዬ ቀጥታ የበሩን ቦታ ፈልጌ ከፈትኩ። ንጉሡ ከቅጥሩ ጫፍ ላይ ቆመና ስለ ድንበሩ ተናገረ። ስለ ጦር አለቆቹ ተናገረ። ዙፋኑን ለሌላ ሰው እንደሰጠ ተናገረ። በመጨረሻ «ከበሬ ራቅ» አለው። አራት ጊዜ መልሼ ሰማሁት። ማዕድ የለም፣ እናት የለችም፣ ግፋው የሚል ነገር የለም።

ወዲያው ወንድሜ ጋ ደወልኩ።

«ንጉሡ እኮ እንዲያ አላለም!» አልኩት።

ከሆዱ ሳቀ፤ ሳቁ መሀል ላይ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠ።

«አንቺ ዛሬ ነው ያወቅሽው?» አለኝ። «እኔ እዚያው አግዳሚው ላይ ሆኜ ነው ያወቅኩት።»

«እንዴት አድርገህ?»

«እንግሊዝኛ ያስተማረኝ ማን ሆነና!»